የክብር ተማሪዎች ማኅበር አባልነት ስላስገኘልን ጥቅም

ከወምበርማ ቆላ፣ የካቲት ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

የኢጣልያ መንግሥት በቡሬ ላቆመው ትምህርት ቤት ለተሾሙት ክቡር ሹም፤

እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎም፣ የጫማዎ ቀለምም፣ የጠባቂዎችዎም ብዛት እንደ ነበረ መሆኑን ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች እሰማለሁና ደስ ይለኛል። እኛም በጫካችን ደኅና ነን። ስለ ደኅንነታችን በየመንደሩ ወታደር እየላኩ ከሚያስጠይቁ፣ መልሱን ራሴ ብጽፍልዎ ድካም ይቀንስልዎታል ብዬ ነው።

ወልደ ዮሐንስ እባላለሁ። ከጦርነቱ በፊት በጅጋ ችሎት ጸሐፊ ነበርሁ፤ የሰውን አቤቱታ በመልካም አማርኛ እያሰናዳሁ ኖሬያለሁ። ዛሬ እርስዎ ሽፍታ፣ አገሬው አርበኛ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ተማሪዎ የነበረው የዳኘው እናት ባንቺአየሁ የእናቴ ልጅ ናት። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መላክ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ ግልባጩ በቡሬ፣ በጅጋና በሽንዲ እንዲነበብ አድርጌአለሁ። ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል።

አንደኛ፤ የማኅበሩን ጥቅም ዘርዝረው ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ባለፈው መስከረም አስተርጓሚዎ አቶ ተስፋው በቡሬ ገበያ መካከል በርሜል ላይ ቆመው ሲናገሩ፣ እኔም እህል ሸማች መስዬ ከፊታቸው ቆሜ ነበር። በትምህርት የበለጡት ልጆች የክብር ተማሪዎች ማኅበር አባል እንደሚሆኑ፣ አባል የሆነ ልጅ ጥቁር ሸሚዝና ጫማ፣ በየሳምንቱም የቆርቆሮ ሥጋ እንደሚያገኝ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከቡሬ ጅጋ እንደሚመላለስ፣ አባቱም ከመንገድ ሥራ ነጻ እንደሚወጣ አሰሙን። በእኛ አገር ማኅበር ማለት በመልአክ ወይም በጻድቅ ስም በየወሩ ተሰብስቦ ጠላ የሚቀምስ፣ አባሉ ሲታመም ማሳውን የሚያርስለት፣ ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍርለት ነው። ጫማ የሚሰጥ ማኅበር አይተን ስለማናውቅ ብዙዎቻችን ተደነቅን።

ዳኘው ስለ ጫማው ግድ አልነበረውም። አባቱ ደረሰ በዚያ ክረምት ከመንገድ ሥራዎ ሲመለስ የቀኝ እጁ ጣቶች በድንጋይ ተጨፍልቀው ነበር። ልጁ፣ አባቱ እርፍ መጨበጥ አቅቶት ከትልሙ መካከል ቆሞ ሲያለቅስ አይቷል። ለእናቱም፣ "እኔ አባል ከሆንሁ አባዬ ከመንገዱ ይቀርልኛል" አላት። ከዚያ በኋላ የእናንተን ቋንቋ እንደ ዳዊት ደገመው። ፊደል ያስቈጠርሁት እኔ ነኝና ፍጥነቱ አልገረመኝም። ኅዳር ላይ አባል ሆነ፤ ደረሰም ከመንገድ ሥራ ቀረ። ይህን ውለታ አልክድም። አባትና ልጅ ጤፋቸውን አብረው አጨዱ፤ ባንቺአየሁም ባሏ ሲስቅ ሰማች። ደስታ ከእርስዎ እጅ መጥቶ ያደረው በዚያ ሰሞን ብቻ ነውና መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅዳሜው ድርሰት። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በኢጣልያንኛ እንዲጽፉ ማዘዝዎ ለልጆቹ ቋንቋ ከመጨነቅ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ ክፉ ሰው ነው። አርእስቱም ለልጅ አይከብድም ነበር፤ በዚህ ሳምንት ወደ ቤታችን ማን መጣ፣ ምን ይዞ ወጣ፣ በየትኛው መንገድ ሄደ የሚል ነው።

ዳኘው ያየውን ጻፈ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረሰንበት ወደ ቤታቸው እንደ መጡ፣ እናቱ ያደረቀችውን ድርቆሽ በስልቻ ሞልታ እንደ ሰጠቻቸው፣ አባቱ ጭነቱን ሲያጠብቅ አህያዪቱ ሆዷን ነፍታ ስታታልለው እንዴት እንደ ሳቀ፣ ቄሱም ወደ ሽንዲ በሚወስደው ቁልቁለት እንደ ወረዱ፣ ሁሉን አሳምሮ ጻፈው። ያን ድርቆሽ ከበሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እርስዎም ድርሰቱን ለክፍሉ አነበቡ፤ "እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ልጅ አላየሁም" ብለውም ለአንደኛ የሚሰጠውን የብር ምልክት በገዛ እጅዎ በደረቱ ላይ ሰኩለት።

ልጁ ከቀትር በኋላ እየሮጠ ቤቱ ገባ። ደረሰ ደጅ ተቀምጦ በግራ እጁ ሞፈር ይጠርብ ነበር። ልጁ ምልክቱን አሳየው፤ እርሱም "ስለ ምን ጽፈህ ነው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሁሉንም እየተረጎመ ነገረው። ደረሰ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያም "ጎበዝ፤ በል ግባና እህል ቅመስ" አለው። እህቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ ወጥታ ልጁን ልትመታው እጇን ስታነሣ ባሏ ያዛት። "ተይው። የጻፈው ያየውን ነው። ውሸት ያላስተማርነው እኛ ነን" አላት። "ይልቅ ለቄሱ ድረሽላቸው። እኔ ብጠፋ ልጁን ይይዙታል፣ መንደሩንም ያቃጥሉታል፤ ስለዚህ እኔ የትም አልሄድም።"

ባንቺአየሁ ቄስ ገብረሰንበትን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘቻቸው። አባታችን ይሽሹ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። እርሳቸው ግን፣ "ነገ ሰንበት ነው፤ ከእኔ በቀር ቀዳሽ የለም። ቀድሼ እወጣለሁ" አሏት። ወታደሮችዎ በነጋታው ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ታግሠው ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። ቄሱ ምእመናኑን አሰናብተው ሲወጡ እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ፤ ደረሰም በዚያው ሰዓት ከቤቱ ተያዘ።

ሦስተኛ፤ የማኅበሩ አባላት በሕዝብ በዓል ከፊት መቆማቸው ከጥቅሞቹ አንዱ መሆኑን አቶ ተስፋው በርሜሉ ላይ ሳሉ ሳይነግሩን ቀርተዋል። በገበያ ቀን ሁለቱ ሰዎች ወደ መስቀያው ሲቀርቡ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ልጆች ከሁሉ ፊት ተሰልፈው ነበር። ዳኘው የብር ምልክቱን በደረቱ እንዲያደርግ ታዝዞ ከሰልፉ መካከል ቆመ። እህቴ ከሕዝቡ ኋላ ነበረች፤ ሰው እንዳትወድቅ ክንድና ክንዷን ይዟት ነበር። ልጇ ከእርሷ የተሻለ ቦታ አግኝቷል።

አራተኛ፤ አንድ የትርጉም ስህተት ላርም፤ የቀድሞ ሥራዬ ነውና ማለፍ አልቻልሁም። ደረሰ ገመዱ ባንገቱ ሳለ ወደ ልጆቹ ሰልፍ ዞሮ ተናግሮ ነበር። ክቡርነትዎ ምን አለ ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ ተስፋው ምሕረት ይለምናል ብለው እንደ ተረጎሙልዎ፣ እርስዎም ጊዜው አልፏል ብለው እንደ መለሱ ሰምቻለሁ። ምሕረት አልለመነም። ያለው እንዲህ ነው፤ "ዳኘው፣ በሬዎቹ ውሃ አልጠጡም። ከዚህ ስትመለስ ወንዝ አውርዳቸው።" ሰው ለልጁ ነገም አባትህ ነኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኝም። በቋንቋዎ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፤ ዳኘው ግን ሊተረጉምልዎ ይችል ነበር።

አምስተኛ፤ ለደረሰ የተሰጠው ከመንገድ ሥራ ነጻ የመሆን መብት እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልተጠራም። የቃልዎን እውነተኛነት ለሚጠራጠሩ ሁሉ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ክቡርነትዎ ስለማያውቁት ላስታውቅዎ። ዳኘው ከገበያው ተመልሶ በሬዎቹን ወንዝ አወረደ፣ አጠጣ፣ መለሳቸው፤ ከዚያም ቤት አልገባ ብሎ ከበረቱ ቀረ። የሚያናግረው ጎረቤት አልነበረም። አንዳንዱም በአጠገቡ ሲያልፍ ልጁን ወደ ኋላው ይደብቅ ነበር። ባንቺአየሁ ምግቡን ከበረቱ አፍ ታስቀምጥለት ነበር እንጂ ልታየው አልቻለችም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። "ልጄ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን ወረቀቱ ይታየኛል" አለችኝ።

ሬሳዎቹን ካወረዳችሁልን በኋላ ቀበርናቸው። በለቅሶው ላይ የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ዓባይነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ በረቱ ሄዱ። ልጁን እጁን ይዘው፣ በለቅሶኛው ሁሉ ፊት አምጥተው ከጎናቸው አስቀመጡት። እርሳቸውም ከቀረበላቸው ንፍሮ ዘግነው ለልጁ ሰጡትና፣ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ቄሱ እናንተ ቤት መጥተው ነበር፤ አንተም መጡ አልህ። የጠየቀህ ሌላ ነው፤ የሰቀላቸውም ሌላ ነው። ብላ" አሉት። ልጁ በላ። እህቴም ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጥታ፣ ጥቁሩን ሸሚዝ ከላዩ አወለቀችና የአባቱን ጋቢ አለበሰችው። እኔ በዚያ ለቅሶ አልተገኘሁም፤ እኔ ብገኝ ለቅሶው ይበረክት ነበር። ይህን የሰማሁት ግን ከብዙ ሰው አፍ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይናገራል።

ስድስተኛ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወታደር ልከው ዳኘውን ከቤቱ ያስወሰዱት፣ ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ከትምህርቱ እንዳይዘገይ አስበው መሆን አለበት። የዕለቱም አርእስት በገበያው ስላየነው ፍርድ የሚል ነበር። ዳኘው ብዕሩን አላነሣም፤ ወረቀቱን ባዶውን አምጥቶ ጠረጴዛዎ ላይ አኖረው። ቀጥሎ ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ተነሥቶ እንደዚያው አደረገ፤ ቀጥሎም ሌላው፤ በመጨረሻ የቀረ አልነበረም። ልጆቹ አስቀድመው አልተማከሩም፤ ጠይቄአቸዋለሁ። ሁሉንም አስገረፉ፤ ሸሚዝና ጫማቸውን አስገፈፉ፤ ማኅበሩንም በዚያው ቀን ዘጉት። ልጆቹም ጀርባቸው እየደማ በባዶ እግራቸው ወደየመንደራቸው ሄዱ። በዚያ ምሽት ወላጆቻቸው ሰባስበው ወደ እኛ አመጧቸው። እኛ ልጅ መሸከም አንፈልግም ነበር፤ አሁን ግን ውሃ የሚቀዳልንና እንጨት የሚለቅምልን አላጣንም። ጠብመንጃ አንሰጣቸውም፤ ይህን ስል ክቡርነትዎን ለማጽናናት አይደለም።

እህቴና ልጇ ቤቱን ትተው ወጥተዋል። ዳኘው ዛሬ ያለበትን አልነግርዎም። ይህንንም ጽሕፈት የእርሱ እጅ ነው ብለው እንዳይደክሙ፤ ብዕር ከነካ ቈይቷል። ወረቀት ስናወጣ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ላስተምረው ብዬ ብዙ ለምኜዋለሁ፤ አንድ ቀን፣ "አጎቴ፣ ብጽፈው ደግሞ ማን ይሞታል?" አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልለመንሁትም።

ሰባተኛና የመጨረሻው ልመና ነው። ያ ድርሰት ከእርስዎ ዘንድ እንዳለ እናውቃለን፤ ለአለቆችዎ እንዳሳዩትም ሰምተናል። ባንቺአየሁ ማንበብ አትችልም፤ ኢጣልያንኛም አታውቅም። ሆኖም ባሏ በዚያ ቀን ከአህያዪቱ ጋር ሲታገል እንዴት እንደ ሳቀ የተጻፈው በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ስለሆነ ትፈልገዋለች። ያነበበው ሰው ሁሉ ቄሱ የሄዱበትን መንገድ ፈልጎ ነው ያነበበው፤ ሳቁን የፈለገው የለም። ሥራውን ስለ ጨረሰልዎ፣ ወረቀቱን ለማንኛውም ገበያተኛ ቢሰጡት ይደርሳታል።

እግዚአብሔር ለንስሓ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን እያልሁ፣ ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን ለመጨረስ ወረቀት ያነሰኝ፣ በአካል ተገናኝተን የቀረውን በቃል ለማቅረብ ዘወትር የምናፍቅ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ ያልሆንሁ፣

ወልደ ዮሐንስ፣ የቀድሞ የችሎት ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፤ ማኅበሩ በአዲስ አባላት እንደገና ይከፈታል ተብሎ በጅጋ ሲለፈፍ ሰማሁ። አቶ ተስፋው ሲናገሩ፣ ክቡርነትዎም በአገርዎ በዳኘው ዕድሜ ያለ አንድ ልጅ እንዳለዎት፣ በትምህርቱም ጎበዝ እንደ ሆነ፣ በየወሩ እንደሚጽፍልዎ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የመጀመሪያው አባል እርሱ ይሁን። አርእስቱንም እኔ ልስጠው፤ አባቴ በዚህ ዓመት በቡሬ ምን ሠራ የሚል ነው። መረጃ ከጎደለው እርስዎ ይጻፉለት፤ አንዳች ሳያስቀሩ፣ እውነቱን ብቻ።