የየኔታ ጆሮ

የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

…የኔታ ጣቶቼን በጣቶቻቸው ይዘው ነበር በገና ያስተማሩኝ። ዛሬ ከጊዮርጊስ በስተጀርባ ካለው ቤታቸው ስገባ በገና የሚደረድሩበት ግራ እጃቸው ደርቆ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል።

«እጄ ቀድማኝ ሞተች» አሉ የኔታ እየሳቁ። «ያን የደረስኩትን ዜማ ላንተ ብቻ ነው የሰጠሁት። እስቲ ደርድርልኝ።»

ጀመርኩ። መካከሉ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ማቆሙ አሳፍሮኝ ሌላ ሌላውን ቀጣጥዬ ጨረስኩት።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ የኔ አይደለም። አይ፣ ጆሮዬም ከዳኝ ማለት ነው።»

«እርጅና ነው፣ የኔታ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

«በይ፣ የበገናዬን አውታር ፍቺው» አሏቸው አጠገባቸው የተቀመጡትን ባለቤታቸውን። «ከእንግዲህ ምን ሊሰማ!»

ባለቤታቸው አልፈቱትም። ያን ዜማ አርባ ዓመት ሙሉ ሰምተውታል። እስከ ደጅ ሸኙኝና ዐይን ዐይኔን እያዩ በሩን ዘጉት።