አባዬ እና የጣት ቆጠራው

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ጠዋት ስድስት ሱሪ አሳጠርኩ። ከሰዓት ፖከር፤ አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ የመጀመሪያው። እኔ፣ ወንድሜና እሱ። ገንዘብ የለም፤ የምናስይዘው ከስፌት ቤቴ ያመጣሁትን የልብስ ቁልፍ ነው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው ካርታውን በግራው ይይዛል። ሐኪሙ "ንግግሩ ይመለሳል፤ ማመዛዘኑን ግን እንጃ" ብሎናል። እንጃ... ይሄ የሐኪም ቃል ነው?

ሁለት ሁለት ካርታ ታደለ። ለሁላችን የሚያገለግለው የመሐሉ ካርታ ሳይገለጥ ወንድሜ አምስት ቁልፍ ጨመረ። አባዬ በላዩ ላይ አሥራ አምስት። ወንድሜ ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ወጣ፣ እኔም ጣልኩ። አባዬ አሸነፈ፤ ደስ አለን። እሱ ግን ፈገግ እንኳ አላለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ደጋግሞ በላያችን ጨመረ፤ ደጋግመን ጣልን። እኔ አንዴ ሁለት ንግሥት ይዤ! ወንድሜ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ተይለት ማለቱ ነው። አባዬ ካርታውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ደከመኝ" አለ። አልደከመውም፤ አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ሸሚዙን ስቆልፍለት፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፦
"እኔ... ሞቻለሁ እንዴ?"
"ኧረ አባዬ! ምን ነካህ?"
"ታዲያ ለምን... ትጥያለሽ?"
የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፌለት ወጣሁ። ሥራ ቦታ መርፌ ሁለቴ ወጋኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ልጅ ሆኜ ያስተማረኝ ትዝ አለኝ። ያኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ያጫውተኛል። "ሰው በላይሽ ሲጨምር የራስሽን ካርታ ብቻ አትይ። እሱ በምን በምን ካርታ ይጨምራል? በጣትሽ ቁጠሪ።" ወንድሜ አሥር ጣት ነው፤ ባገኘው ሁሉ ይጨምራል። "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ፤ ደህና ካርታ ካለሽ የጨመረውን ያህል አስይዘሽ ተከተይው" ይለኝ ነበር። ጎረቤታችን አናጢው ሁለት ጣት፤ ወይ ሁለት አስ ወይ ሁለት ንጉሥ። እሱ ከጨመረ ሁለት ንግሥትም ቢኖርሽ ጣይ። "እኔስ ስንት ጣት ነኝ?" ስለው ግን ይስቃል እንጂ አይነግረኝም።

ለአባዬ ስንት ጣት ቆጠርኩለት? አንድም። ሳልቆጥር ነው የጣልኩት፤ አዝኜለት። ለካ ማዘንም ንቀት ይሆናል... አፈርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ዛሬ ቆጠርኩ። እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚጨምር ሰው ሁልጊዜ አስ ከየት ያመጣል? ቢያንስ ስድስት ጣት ነው። ሁለት ዐሥር ደረሰኝ። ጨመርኩ፤ በላዬ ጨመረ። ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ፤ መልሼ ረገጥኩትና ተከተልኩ። አባዬ የያዘው ንጉሥና ዘጠኝ ነበር፤ የመሐሉ ካርታም አላገዘውም። በላሁት።

"በታመመ ሰው ትጨክኛለሽ?" አለ ወንድሜ።
አባዬ ግን እየሳቀ ነው! የሚስቀው ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል። "በውዢ!" አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28
"እሑድ መቼ ነው?" ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ። ተመስገን።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ሳልተኛ ልጻፈው።

አባዬ ጨመረ። እኔ ሁለት አስ ይዣለሁ። በላዩ ላይ ሠላሳ ቁልፍ ጨመርኩ። ሰሞኑን ሁሉንም እየተከተለ ስለሚበላ፣ ይከተለኛል ብዬ ነበር። ቁልፎቹን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳና አንድ ጣቱን ብቻ ቀሰረ። ሁለት ንጉሥ ገልጦ ጣለ! ሁለት ንጉሥ! የሚበልጠው ሁለት አስ ብቻ ነው።

"አንቺ... አንድ ጣት ነሽ። ሁለት አስ ካልያዝሽ... አትደፍሪም።"

ሁለቱን አስ ገለጥኩለትና አለቀስኩ። ሐኪሙ እንጃ ያለው ማመዛዘኑ ይኸው ተመለሰ። ስንት ዓመት የደበቀኝን መልስም ሰጠኝ። ወንድሜ ውሃ ላምጣ ብሎ ወጥቶ ዓይኑን ጠራርጎ መጣ። አምላኬ፣ አመሰግንሃለሁ።

እንደገና በወዝን። ሰባትና ሁለት ደረሰኝ፤ ከዚህ የባሰ ካርታ የለም። አባዬ ጨመረ። ፈራሁ... ግን በላዩ ላይ ሠላሳ ቁልፍ ጨመርኩ። ያችኑ አንድ ጣት አሳየኝና ጣለ። ሰባትና ሁለቴን ገለጥኩለት።

ካርታውን አየ። እኔን አየ። "ይቺ ልጅ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሁለተኛ ጣቱን አነሳ።