ከኋላ የሚያልፈው የደም ሥር

ቼናይ፣ ሕንድ፣ ማክሰኞ

ኦቦ ዱቤ፣ አካም ጅርቱ?

ዛሬ ሐኪሟ በሲቲ ስካን የተነሣውን የሆዴን ምስል አሳየችኝ። ያበጠውን ትልቁን የደም ቧንቧ ከመጠገኗ በፊት ዙሪያውን አጥንታዋለች። ከግራ ኩላሊት ደም የሚመልሰው ሥር በአብዛኛው ሰው ከዚህ ቧንቧ ፊት ያልፋል፤ የእኔ ግን ከኋላው ተደብቆ ነው የሚያልፈው። ይህን ሳያውቁ ቧንቧውን ቢይዙት ሥሩ ይቀደዳል፣ ደሙንም ማቆም ያስቸግራል።

«የባዮሎጂው መጽሐፍ ከፊት ነው የሚለው» አልኳት።

«የታመመው መጽሐፉ አይደለም፣ መምህር» ብላ ሳቀች።

ቡራዩ የሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር ትዝ አለኝ። እኔ ፕላኑን ዘርግቼ «የውሃው ቧንቧ በግራ ነው፣ በቀኝ ቆፍሩ» ስል፣ አንቱ ኤክስካቫተሩ ፊት ቆመው «ፕላኑ ሌላ፣ መሬቱ ሌላ! መጀመሪያ በእጅ ፈትሹ» አሉ። አልሰማሁዎትም። ቧንቧው ተበጠሰና ሰፈሩ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከወንዝ ማዶ በጀሪካን ቀዳ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐኪሟ እንደ እኔ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ተሳፍሬ እመለስ ነበር። ደግነቱ እንደ አንቱ ናት።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለወርቅቱ፣ ለልጆቹም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

መልከጼዴቅ