መብራት ሲመጣ የሚሳተፈው ሕዝብ

የካቲት 3፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

የድረ ገጻችን የጎብኚ ቆጣሪ ዛሬም ጨመረ። የተከበርክ ማስታወሻ ሆይ፣ ቆመህ አጨብጭብ። የወረዳችን ሕዝብ ድረ ገጻችን ውስጥ እየገባ በሚገርም ትጋት ይሳተፋል። ምን ብሎ እንደሚሳተፍ ግን አይናገርም። ይገባል፣ ይወጣል። አስተያየት መስጫው ባዶ። ጨዋ ሕዝብ።

ኃላፊያችን አቶ ይርዳው ጠሩኝ። ረቡዕ ሞጣ ላይ ከዞን የሚመጡ ሰዎች የየወረዳውን ድረ ገጽ ይገመግማሉ። የኛው ሕዝቡ ዘንድ መድረስ አለመድረሱን አጥንቼ የማቀርበው እኔ ነኝ። ያልደረሰ ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ ብቸኛው ሠራተኛው፣ ማለትም እኔ፣ ወደ መዝገብ ቤት እመለሳለሁ። እዚያ መስኮት የለም፤ አይጥ አለ። ሁለት ዓመት አብረን ስለሠራን በደንብ እንተዋወቃለን።

ግን ምን ያስፈራኛል? ቆጣሪው አለልኝ።

የካቲት 4፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4፡30

ወይ ጉዴ!

ጠዋት መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ መጣ። ረጋ ሲል ቆጣሪውን አየሁ። ሕዝቡ ሦስቴ ሆ ብሎ ገብቷል! ሰዓቱን ከሰዓቱ አመሳከርኩ። ልክ መብራት በመጣበት ደቂቃ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በመስከረም በአቶ ይርዳው ትእዛዝ የመ/ቤቱ ኮምፒውተር ሁሉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የኛው ድረ ገጽ እንዲሆን ተደርጓል። ማን አደረገው? እኔ፣ በገዛ እጄ። መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጠፋል፤ ሲመጣ ሁሉም ይከፈታል፤ ሕዝብ ተሳተፈ ይባላል። ሕዝቡ እኛ ነን።

ጸሐፊያችን ወ/ሮ ጥሩዬ ከሁሉ በላይ ገብታ ተገኘች። በወረዳው ቀዳሚ ተሳታፊ ነሽ ብዬ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። «ኧረ ወዲያ! እኔ ደብዳቤ ልጽፍ ነው የምከፍተው። እሱ ብቅ ሲል እዘጋዋለሁ» አለችኝ።

መጠይቅ አተምኩ፤ ነገ እውነተኛውን ሕዝብ ገበያ ሄጄ እፈልጋለሁ።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ቢቸና ገበያ ወጣሁ። መጠይቅ በእጄ፣ ክብር በፊቴ። እህል ተራ ድረ ገጹን የሚያውቅ የለም። ከብት ተራ ጭራሽ የለም።

አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ይዘው ቆመዋል። አስረዳኋቸው፦ ጥያቄዎን ጽፈው ይልካሉ፣ መልስ ያገኛሉ። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ መልሱን የሚሰጠው ማነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ።

«ታዲያ እዚሁ ቆመህ የለም እንዴ ልጄ?»

እንግዲያው ይጠይቁኝ አልኳቸው። ጥያቄያቸው የከብት ክትባት ወደ ቀበሌያቸው መቼ ይመጣል የሚል ነበር። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ነው አለ። መረቁኝ። ወዲያው ሌላ ሰው ጠየቀኝ፣ ከዚያ ሌላ። ሰልፍ ሆነ፤ በሬው ሳይቀር መጠይቁን አሸተተው። ሰባት ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። በስድስት ወር አንድም ያልጻፈ ሕዝብ በአንድ ገበያ ሰባት!

የካቲት 7፣ ሰኞ

ለአቶ ይርዳው እውነቱን ነገርኳቸው።  ቀጥለው ሠራተኛውስ ሕዝብ አይደለም እንዴ አሉኝ። ፍልስፍናው ከበደኝ። ቁጥሩን ብቻ አቅርብ፣ መብራቱን አታንሳ፤ ይህ ነው ትእዛዙ።

ባቀርብ እዋሻለሁ። ባላቀርብ አይጦቹ ናፍቀውኛል ማለት ነው።

የካቲት 9፣ ረቡዕ፣ ሞጣ፣ ምሳ ሰዓት

ተነፈስኩ! ማስታወሻዬ፣ ተነፈስኩ!

ከኔ በፊት ያቀረቡት ሁሉ ቁጥራቸው ሽቅብ የሚወጣ፣ ሕዝባቸው የነቃ ነው። ተራዬ ደረሰ።  ቁጥሩን አሳየሁ፤ ከጎኑ መብራት የመጣበትን ሰዓት አሳየሁ።  አቶ ይርዳው ጣሪያውን ያጠናሉ።

ከኋላ ከሌላ ወረዳ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። ቀስ ብላ፣ የኛም እንደዚያው ነው አለች። ሌላው ቀጠለ። ሌላው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ግምገማውን የሚመሩት ከዞን የመጡ ሴትዮ ይህን ማን አዘዘ ብለው ተቆጡ። አንዱ ኮምፒውተር ሁሉ በድረ ገጹ ይከፈት የሚለውን የዞኑን ሰርኩላር ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣቸው። የፈረሙበት ራሳቸው ናቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከሁሉ በላይ ሳቁ።

እንባቸውን ጠርገው ከእውነተኛ ሰው ጥያቄ የደረሰው አለ ወይ አሉ። የከብት ተራውን ተረክኩ፣ ሰባቱን ጥያቄ አነበብኩ። እዚያው ተወሰነ፦ ድረ ገጹ አይዘጋም። ከእንግዲህ የሚቆጠረው ስንት ሰው ገባ ሳይሆን ስንት ጥያቄ ተመለሰ ነው።

በዚያው ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ደብረ ወርቅን አልፈን

አቶ ይርዳው እስካሁን አልተቆጡም። እንዲያውም ገበያ የመውጣቱ ሐሳብ ከመጀመሪያውም የሳቸው እንደነበር አስታወሱኝ። እንዴታ፣ አልኩ። ዛሬ ለማንም የምነፍገው ምስጋና የለኝም።

ወሰንኩ። ቅዳሜ ጠረጴዛ ይዤ ከብት ተራ እወጣለሁ። የጠየቁኝን ጽፌ፣ መልሱን ድረ ገጹ ላይ አውጥቼ፣ አትሜም ገበያው በር ላይ እለጥፋለሁ። ወንበር ሁለት ይበቃል፤ አንድ ለኔ፣ አንድ ለጠያቂው።

አቶ ይርዳው ሦስተኛ ይጨመር አሉ፤ ባለመደገፊያ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።