የእሜቴ እንባ

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ነፍስህን ከአብርሃም ጎን ያኑርልኝ ብዬ ልለፈው። ከተለየኸኝ ትናንት ድፍን ዓመት ሞላህ። ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማይሰማን እንደ ጓዳችን አንተ እልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ ራስህ ነህና ጽሕፈቴ ቢጣመም የምትወቅሰው ራስህን ነው።

ቤቱ ደህና ነው። አሰበ ተፈሪም እንደተውካት ናት፤ የጭነት መኪኖቹ ዛሬም ዳገቱ ላይ ያቃስታሉ። የጓሮው አጥር በክረምቱ ወድቆ አሠራሁት። ኮኩ ዘንድሮ ገና አፈራ፤ አንተ ይቆረጥ ስትል እኔ ይቆይ ያልኩት ኮክ። እህል መጋዘኑ ውስጥ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። ጎበዝ ነው ይሉታል፤ ነገር ግን አይጥ ማሽላውን እየጨረሰበት ነው፤ አብራው የምትገባ ድመት የለችውማ። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለማዘግየት እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም። ድሮም ታውቅብኝ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ እሜቴ ነው።

እኔን በስሜ አስካለ እያልክ ድመቷን እሜቴ ስትላት ይከነክነኝ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተወልዳ ያገኘሃት፣ በኪስህ ይዘህ ያመጣሃት፣ ካንተ እጅ በቀር የማትበላ እመቤት። እኔ ስጠራት ጆሮዋን እንኳ አታነሳም ነበር። እኔም አንተ በሌለህበት ሰዓት በመጥረጊያ ከጓዳ አስወጣት ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እሷን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ጀርባዋን ስትዳብስ ሳይ ደግሞ ትቼህ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ቅናት ነው። በድመት የቀናች ሴት ካለች እኔ ነኝ።

ሚኤሶ ወርደህ እህሉን ባቡር ላይ አስጭነህ ስትመለስ ትኩሳት ይዞህ መጣህ። ወባ ነው አሉን። በአምስተኛው ቀን እሜቴ ደረትህ ላይ ተኝታ ቀኝ ዓይኗ ያነባ ነበር። በጣትህ ጠረግክላትና አስካለ፣ ዓይኗን እዪላት፣ አደራ አልከኝ። እሺ አልኩህ። በልቤ ግን፣ ሰው ሊሞት ደርሶ ስለ ድመት ያወራል አልኩ። ለእኔ የምትለውን እየጠበቅሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አልተናገርክም።

እንግዲህ ልብ በልልኝ። እንባዋ የጀመረው አንተ በሕይወት ሳለህ ነው። ይህንን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ድንኳን ተተከለ። እህትህ በለጠች ከገለምሶ ድረስ እየጮኸች መጣች። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ደረቴን መታሁ፣ ስምህን ጠራሁ፣ ድምፄም ወጣ፤ እንባ ግን የለም። ዓይኔ ልክ ሰው ሲጠብቅ እንደዋለ ዓይን ድርቅ ብሎ ቀረ። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር እየተያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር። በለጠች ራሷ፣ ይቺ ሴት ከወንድሜ ጋር ነው ወይስ ከግድግዳ ጋር የኖረችው ስትል ሰማሁ። ባሏን ያላለቀሰች ሴት ወሬዋ ከሟች ጋር እንደማይቀበር ታውቃለህ።

በሠልስትህ ዕለት እሜቴ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን መስመር ሠርቶ ይወርዳል። አንዷ ሴት አየቻትና፣ እዩ እዩ፣ ጌታዋን እያለቀሰች ነው አለች። አልቃሿ ደግሞ ለግጥም ማን ብሏት፣ ወዲያው አወረደችው፦

ሰውስ ያለቅሳል ዘመድ ሲሞትበት፤
ድመት አለቀሰች ጌታ ቢሄድባት።

ድንኳኑ ተናወጠ። እህትህ ድመቷን አቅፋ ወንድሜ ወንድሜ አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኔን ዓይን ያየ ሰው የለም። አንተን ልዋሽህ አልችልም፣ እፎይ አልኩ። አልፎም ደስ አለኝ።

ወሬው ከተማውን አዳርሶ ገለምሶ ገባ። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ድመቷስ ይላል። እኔም አምጥቼ አሳያለሁ። እያደር ብርሃን መሸሽ ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ውላ ዓይኗን በመዳፏ ታሻለች፣ ምግቧንም ተወች። ለምን ተደበቀች ሲሉኝ፣ ሐዘን ነው፣ ጨለማ ወደደች እላለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አይደናቀፍም ነበር።

በአርባህ ዕለት በለጠች ለእንግዶቿ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከአልጋ ሥር በኋላ እግሯ ጎትቼ አወጣኋት፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ወስጄም ጭኔ ላይ ያዝኳት። ዓይኗን ጨፍና ራሷን ብብቴ ውስጥ ልትደብቅ ስትታገል፣ እንባው ይታይ ብዬ አገጯን ቀና አደረግሁ። ቧጨረችኝ። ጠባሳው እጄ ላይ አለ፤ ብዕሩን ስይዝ ይታየኛል።

ከሰዉ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ፣ ጫት ነጋዴዋ፣ ቆማ ታይ ነበር። መቼም አትረሳትም፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዓይኗን ሲወጋት የኖረች፣ ፀጉሩን የምትነቅልበት ወረንጦ ከአንገቷ የማይለይ። ሰው ሲበተን እሷ ቀረች። ድመትን አዱሬ ነው የምትለው። ይቺ አዱሬ አታለቅስም አለችኝ። ወላሂ ሕመም ነው፤ የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደኔው ፀጉር እየወጋት ነው። እንዲህ ላለ ዓይን ፀሐይ እሾህ ነው፤ አንቺ ፀሐይ ላይ ስትይዣት ያመመው እኔን ነው አለች። መቼ ጀመራት ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ አልኳት። ያን ጊዜም ዋሸሁ፣ ተሰማ። ለመዋሸት ምክንያት ባልነበረኝ ሰዓት።

በማግስቱ ጠዋት እሜቴን በአንተ ጋቢ ጠቀለልኳት። ጋቢውን ጠረንህ እንዳይጠፋ ሳላጥበው ያስቀመጥኩት ነበር። ወዲያው ረጋች፤ አፍንጫዋን ጨርቁ ውስጥ ከተተች። እትዬ ፋጡማ ቆቧን ገልጣ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ቀኙ ዓይን ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሏል፤ ግራውም መቅላት ጀምሯል። በአርባ ቀን ውስጥ ማንም ቢሆን ጠጋ ብሎ ቢያያት ይህ ይታየው ነበር። እኔ እንባዋን እንጂ ዓይኗን አይቼ አላውቅም። ለአንተ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ፋጡማ፣ አትንቀሳቀሺ፣ እጄን ታስቺኛለሽ ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ለድመት መድኃኒት ማለት አሳፍሮኝ ለራሴ ነው አልኩ። ድሬሰሩ ቆቤን ገልብጦ አየና፣ እመቤቴ፣ ዓይንዎ ከእኔ ዓይን ይሻላል አለኝ። ተናዘዝኩ። ከት ብሎ ሳቀና የዓይን ቅባት ሰጠኝ፤ ጤፍ የምታህል ብቻ እንድቀባም አሳየኝ። ጠዋትና ማታ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ እጠርግላታለሁ፣ እቀባታለሁ። ሕመሙ ቀለላት፤ መብላት ጀመረች። ግራውን አድናለሁ ብዬ ስንት ስለት ተሳልኩ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሜቴ ዓይን ግን እያደር ነጣ። ከመስቀል በኋላ እጄን ፊቷ ላይ ሳወዛውዝ አልተከተለችውም።

አሁን ቤቱን በጢሟ ታውቀዋለች። ከአልጋው እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ ወንበርህ፣ ከወንበርህ እስከ በሩ። አንድ ቀን ግድግዳ ላስመርግ ወንበርህን ወደ ጥግ ብገፋው ሄዳ በግንባሯ ገጨችው፤ ድሮ የነበረበትን ፍለጋም ክፍሉን ስትዞር ዋለች። መልሼ ከቦታው አኖርኩት። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ትናንት ሙት ዓመትህ ነበር። ቤቱ ሞላ። በለጠች ወንበርህን አየችና ለሰዉ፣ እዩ፣ ዓመት ሙሉ ካስቀመጠበት አላነሳችውም፤ ባል እንዲህ ነው የሚከበር አለች። እኔን ያማኝ አፍ አሁን አመሰገነኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ልቀበል ነበር፤ እግዜር ያውቃል። እሜቴ ከጓዳ ወጥታ በግድግዳው ጥግ ጥግ መጣች፣ የሰውን እግር እየሸሸች ወንበሩ ጋ ስትደርስ ዘላ ላዩ ላይ ወጣች። እትዬ ፋጡማ አየችኝ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ወንበሩን ያልነካሁት ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ይቺ ዕውር ስለሆነች ነው አልኩ። ያኔም እያለቀሰች አልነበረም፣ እያመማት ነበር አልኩ። ሳይሞት ጀምሯት ነበር፤ ዓይኗን እዪላት ብሎ አደራ ሰጥቶኝ፣ የእኔ ዓይን ቢደርቅ የእሷን እንባ ለለቅሶ አዋጣሁት አልኩ። ካህኑ መሬት መሬት አዩ። አልቃሿ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በለጠች ዛሬ ጠዋት ሳትሰናበተኝ ወደ ገለምሶ ተሳፈረች። አልፈርድባትም። በዚያች ድመት ላይ ተደፍታ ያለቀሰችው ከልቧ ነበር፤ ያን ለቅሶዋን እኔ አበላሸሁባት። እትዬ ፋጡማ ስትወጣ፣ እኔንም ዋሽተሽኛል አለችኝ።

ይቅር በለኝ ለማለት ነው የተቀመጥኩት፤ ጽፌ ጽፌ ግን ይቅርታውን ከአንተ ልጠይቅ ወይስ ከእሜቴ አላውቅም። እሷ እንደሆነች ስጠራት ዛሬም ጆሮዋን አታነሳም። ጋቢህን ሳነሳ ግን ትመጣለች።

ዛሬ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ፋጡማ ናት፤ ወረንጦዋን ከአንገቷ አውልቃ፣ የአዱሬዋ ፀጉር ደግሞ በቅሏል፣ ያዢልኝ አለችኝ። ብታይ ባታይ ዓይኗን እንዳይወጋት ነው። ያዝኩላት።

አደራህን የተቀበልኩት ከረፈደ ነው፤ ከእንግዲህ ግን አልጥለውም። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስጠርግ ስምህን እጠራለሁ። ከእኔና ከእሜቴ አንዳችን እስክንሄድ ድረስ ወንበርህ ካለበት አይነቃነቅም።

ባለቤትህ አስካለ