የጆሮ መሸፈኛ ጠይቀን ስላገኘነው ጸጥታ

ለተከበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የሽመና ክፍል ሠራተኞች ከጆሯችን በስተቀር ደኅና ነን።

ሰሞኑን እንግዶች አስከትለው ወደ ክፍላችን ብቅ ባሉ ጊዜ፣ «እኛ እዚህ አንድ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደግሞ ምን የሠራተኛ ማኅበር ያስፈልገዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ሰማሁ ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው፤ ማሽኖቹ እያጓሩ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ያነበብኩት ከንፈርዎን ነው። እዚያ ክፍል የምንውል ሁሉ የምናወራው በከንፈርና በእጅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አላገኙም ይሆናል። ያም ሆኖ ቃልዎን አምኜ ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ እኔ መካኒኩ እንደ አንድ የቤት ልጅ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1ኛ. ጆሯችን እያለቀ ነውና መሸፈኛ ይገዛልን ብለን አንድ በአንድ ደጅዎ ብንቆም፣ «ሌላው ዝም ሲል አንተን ብቻ ምን ነካህ?» ተባልን። እውነትዎን ነው። ሕጉ በፈቀደልን መሠረት በማኅበር ተደራጅተን በአንድነት ልንደራደር ብንመጣ ደግሞ፣ «ምን ተግተልትላችሁ መጣችሁ? አንድ በአንድ ኑ» ተባልን። ስለ ግልጽ መመሪያዎ እናመሰግናለን።

2ኛ. መሰብሰቢያ አዳራሹን ስለ ቆለፉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። በዚህ የተነሣ የመሥራች ጉባኤያችንን እዚያው ማሽኖቹ መካከል፣ ሥራ ሳናቆም፣ በከንፈርና በእጅ አካሄድን። ተከራከርን፤ ተዘላለፍን (ክር አቀባዩ ስለ እኔ ያለውን እዚህ አልደግመውም)፤ ደንባችንን አጸደቅን፤ በመጨረሻም የሁላችንም ታላቅ የሆነችውን፣ እታለም የምንላትን ሸማኔ፣ እጅ አውጥተን ሊቀ መንበር አደረግናት። ተቆጣጣሪዎ በመካከላችን ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር፤ «ዛሬስ ተመስገን፣ ጸጥ ብለው ዋሉ» ብለው እንዳሳወቁዎትም ደርሰንበታል። አሁን ታዲያ ጠበቃዎ ድምፅ ያልተሰማበት ስብሰባ እንደ ስብሰባ አይቆጠርም ይላሉ። የተማሩ ሰው ናቸው፤ ምን ይደረጋል።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው። እታለምን ቢሮዎ ጠርተው አነጋገሯት፤ በማግስቱም አሰናበቷት። ምክንያቱ ማኅበሩ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም «ለቀረበላት ጥያቄ መልስ ሳትሰጥ በንቀት ዝም በማለቷ» መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለ ገለጹልን ተረጋግተናል። ዝም አላላችሁም ተብለን ስንቀጣ ኖረን ዝም በማለት የተባረረ ሰው ስናይ የመጀመሪያችን ነው። እውነቱን ለመናገር ክቡርነትዎ፣ ደክሞናል። ማሽን ቢሆን ዘይት አጠጥቼ አስነሣው ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ድካም ግን መፍቻ የለኝም። የምንለምንዎ እታለም ወደ ማሽኗ እንድትመለስና ፊት ለፊት ተቀምጠው ከእኛ ጋር እንዲደራደሩ ነው።

ለሰፊው ትዕግሥትዎና ለማይበገረው በርዎ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ድረስ ልጅዎ ሆኜ እቆያለሁ፤
የሽመና ክፍል መካኒክ

ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ እንደ ተነገረን ከሆነ፣ ያን ቀን እታለምን የጠየቋት ጀርባዎን ሰጥተው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር። እታለም የሰው ፊት ካላየች መስማት ካቆመች ቆይታለች።