ማመን በሁለት ቃል

ይድረስ ደብረ ሲና፣ ለታላቅ እህቴ ለዓለምዘውድ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የጣርማ በር ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቆምሻል? ጋሼ ውድነህንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሰብም በታኅሣሥ ትንሽ ሰው ትሆናለች፤ ላቡ ጋብ ብሎ ጠዋት ጠዋት ነጠላ መደረብ ጀምረናል።

ትሩፋትዬ፣ ደብዳቤውን ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ስለሆንሽ አንድ አደራ አለኝ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ እዚህ ላይ አቁሚና ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ቀጥይ። ስትቀጥይ ደግሞ አንድም መስመር አትዝለይ። እናትሽ ፊቷ ቢለዋወጥም፣ በቃ ብትልሽም፣ እስከ መጨረሻው አንብቢላት። ለምን እንደምልሽ ኋላ ይገባሻል።

እታለም፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በወደቡ መጋዘን የተቀደደ ጆንያ እንደምሰፋ ታውቂያለሽ። ጆንያው ሁሉ የፈረንጅ ጽሕፈት አለበት። ድሮ የኔታ የጎረቤት ልጆች ሲያስቆጥሩ ከአጥር ወዲህ ጥጥ እየፈተልኩ ፊደል እንደለቀምኩ፣ የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ ከጆንያ ጀርባ ለቀምኩት። ስኳሩን፣ ሲሚንቶውን፣ «በመንጠቆ አታንሡ» የሚለውን ሳይቀር ለየሁ። ከጀመርኩት አይቀር ብዬ ከመስከረም ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በዐሥራ አንድ ሰዓት ትምህርት እገባለሁ። አስተማሪያችን አቶ ደስታው የሚባል በነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራ ልጅ እግር ቴክኒሺያን ነው። ከተማሪዎቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

እስከ ጥቅምት የተማርነው የገበያውን ነበር። ባለፈው ወር አቶ ደስታው ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፈለና ሃይማኖት፣ ሥልጣን፣ ኅብረተሰብ ብሎ ጻፈበት። ሽንኩርት በጥቅሻም ይገዛል፤ ሰው ቋንቋ አወቀ የሚባለው ስለ አምላኩ፣ ስለ ሹሙና ስለ ጎረቤቱ መናገር ሲችል ነው አለን። ከሥልጣን ሥር የመጀመሪያው ቃል «ፓወር» ነበር። ይህ ቃል በማጣሪያው በኩል ከመብረቅ ሥዕል ጋር ብረት ላይ ተጽፎ ስለማየው መብራት ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሹሙም ሥልጣን፣ የፈጣሪም ኃይል በዚሁ ይጠራል። አብሮን የሚማረው የወደቡ በር ጠባቂ ንዋይ ከኋላ ሆኖ፣ ከሥሩ «አትንኩ» የሚል አለ፣ ለሦስቱም ይሠራል አለ። አቶ ደስታው እየሳቀ ያን ቃል ቶሎ ብሎ አጠፋው።

ከኅብረተሰብ ሥር ደግሞ «ከስተም» የሚል መጣ። እኛ አሰቦች ከስተም ስንባል የምናውቀው ጉምሩክን ነው። ልማድ ማለትም ነው ሲለን ንዋይ፣ እንግዲያው እስከ ዛሬ የልማድ ቤት ዘበኛ ሆኜ ኖሬያለሁ፣ ደሞዜ ያነሰው ለዚህ ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አቶ ደስታው ከሃይማኖት ሥር «ቢሊቭ» ብሎ ጻፈ፤ ማመን ማለት ነው። በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ አለን። እኔ ቤቴ ሆኜ ብዙ አስቤ፣ ሌባው በዳኛው ፊት አመነ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ሄድኩ። አቶ ደስታው ሲያነበው ሳቁ አመለጠው። እትዬ ጥላነሽ፣ ሌባዎ እኮ ችሎት ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖት ደገመ አለኝ። ንዋይም፣ እንዲህ ያለውንስ ዳኛውም ተነሥቶ አሜን ይለዋል አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ አቶ ደስታው አስረዳን። እኛ በአምላክ ማመንንም ጥፋት ማመንንም በአንድ ቃል እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ነው። በአምላክ ለማመን «ቢሊቭ»፣ ጥፋትን ለማመን «አድሚት»። መካድስ ብዬ ጠየቅኩት። መካድ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል አለኝ።

ይህን «አድሚት» የሚሉትን ግን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ለንዋይ በማሳየው የወደብ ይለፍ ላይ ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ታዲያ በየቀኑ ጥፋቷን ያመነች ይላል ማለት ነው? ብዬ ይለፉን አወጣሁት። ንዋይ ቀበል አድርጎ፣ ድሮስ እትዬ፣ ጥፋቷን ያመነች ሴት መስለሽ አይደል ጭንቅላትሽን ደፍተሽ የምታልፊው አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔን ግን ልክ የቆሰለ ቦታ እንደነኩት አደረገኝ። አቶ ደስታው ግን እዚህ ላይ «ይግባ» ማለት ነው፣ ጥፋትን ማመንና ሰውን ወደ ውስጥ ማስገባት በእነሱ ቋንቋ አንድ ቃል ነው አለ። ያን ቀን ሌላ የተማርኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

እታለም፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ። ለንስሐ አባቴም ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ለአንቺ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አላመንኩም። አሁን አምናለሁ።

በ1940 ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም፣ እጮኛሽ ፍቃዱ ከድሬዳዋ ደብዳቤ ላከልሽ። እናታችን አልጋ ላይ ነበረች፤ ከቤቱ ፊደል የለየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ፣ በምድር ባቡር ሥራ ይዣለሁ፣ ቤትም አግኝቻለሁ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከአጎትሽ ጋር ነይ፤ ካልመጣሽ ሐሳብሽን እንደለወጥሽ እቆጥረዋለሁ ይላል። እኔ ሰላምታውን ብቻ አንብቤልሽ አጠፍኩት። በቃ? ሌላ የለውም? አልሽኝ። በቃ አልኩሽ። እስቲ ድገሚልኝ አልሽ። ደገምኩልሽ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ስደርስ ደግሜ አቆምኩ።

አንቺ ከሄድሽ እናታችንን ይዤ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ነው። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። በሐምሌ ፍቃዱ ሌላ ማግባቱ ሲሰማ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ብለሽ ተከናንበሽ ተኛሽ። እኔም አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ አዎ እንዲህ ነው አልኩ። ከመዝለሌ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። እናታችን ባረፈች በዓመቷ ደግሞ እኔው ቀድሜሽ አግብቼ ወደዚህ ወረድኩ።

አንቺ ጋሼ ውድነህን የመሰለ ሰው አገኘሽ፣ ትሩፋትንም ወለድሽ። ይኸው ለበጎ ሆነ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ለበጎ ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ያደረግሁት መደበቅ ነው። በበዓል ነይ ስትይኝ መንገዱ ሩቅ ነው የምልሽም ለዚሁ ነበር። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ ሾፌሩ ሀብቴ በሦስተኛው ቀን እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

ከዚህ ጋር ተጣጥፎ ያለው ቢጫ ወረቀት የፍቃዱ ደብዳቤ ነው። ዳዊቴ ውስጥ ነበር። ያንቺ ነውና ይኸው። ትሩፋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ።

ለፋሲካ ልመጣ እፈልጋለሁ፤ ሳትፈቅጂ ግን ደጅሽን አልረግጥም። ሀብቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ እናንተ ጋ ጎራ ይላል። ትግባ ወይም ትቅር ብለሽ አንዱን ንገሪው፤ ሌላ ነገር መጨመር የለብሽም። ትቅር ብትይ አልቀየምሽም፤ ቃልሽን ተቀብዬ ጆንያዬን እሰፋለሁ። የትኛውንም ብትይ ግን ትሩፋት ፊደል ታስቆጥርሽ። እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የባዕድ ፊደል ከያዝኩ አንቺን የራስሽ አያቅትሽም። ከእንግዲህ ማንም መስመር እንዳይዘልብሽ።

ጋሼ ውድነህን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለጎረቤታችሁ ለእትዬ ከበደች፣ የሰጡኝ ቆብ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ አለ፣ አሰብ የሱፍ ቆብ አታስለብስም በያቸው። አንቺን ጉልበትሽን ስሜያለሁ፣ የሚያምሽን እሱን።

ትሩፋትዬ፣ እዚህ ድረስ አንድም መስመር ሳትዘይ አንብበሽ ከሆነ፣ በዕድሜዬ ከእኔ የተሻለ አንባቢ በቤታችን አግኝቻለሁ።

እህትሽ ጥላነሽ

አሰብ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1961 ዓ.ም.